ማንኮራፋት መቼ ያሳስባል? የእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥን ምልክቶች ደረጃ በደረጃ የመለየት መመሪያ

ማንኮራፋት በብዙ ቤት የሚሳቅበት ነገር ነው። የሚያንኮራፋው ሰው ራሱን ስለማይሰማ «እኔ አላንኮራፋም» ብሎ ይከራከራል፤ አጠገቡ የሚተኛውም ከጊዜ ብዛት ይለምደዋል፣ ካልለመደውም ክፍል ይለያል፤ ጉዳዩም በዚያው ይረሳል። እርግጥ ነው፣ ከሚያንኮራፉት ሰዎች ብዙዎቹ ከባድ የጤና ችግር የለባቸውም። ከእነርሱ መካከል ግን ተኝተው ሳለ የመተንፈሻ መንገዳቸው ደጋግሞ እየተዘጋ ትንፋሻቸው ለሰከንዶች የሚቋረጥ፣ ይህም ሌሊቱን ሙሉ የሚመላለስባቸው ሰዎች አሉ። ሕመሙ ስሊፕ አፕኒያ ይባላል። በ2019 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ ዓለም አቀፍ ግምት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ዓመት ከሆኑ ሰዎች መካከል 936 ሚሊዮን ያህሉ ከቀላል እስከ ከባድ በሚደርስ ደረጃ ይህ ችግር እንዳለባቸው ያመለክታል፤ አብዛኞቹ ሕመምተኞችም ሕመሙ እንዳለባቸው ሳያውቁ ይኖራሉ።

የማያውቁበት ዋና ምክንያት ምልክቱ የሚታየው ሰው ስለ ራሱ ምንም በማያውቅበት ሰዓት መሆኑ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ሌሊት የሚሆነውን ነገር እንዴት መከታተል፣ መመዝገብና ለሐኪም በሚጠቅም መልክ ማቅረብ እንደሚቻል በቅደም ተከተል ያስረዳል። ሕመሙ መኖሩን የሚያረጋግጠው የእንቅልፍ ምርመራ ብቻ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ግን ምርመራው ያስፈልግ እንደሆነና ምን ያህል እንደሚያስቸኩል ለመወሰን ይረዳሉ።

በቅድሚያ፦ በጉሮሮ ውስጥ የሚሆነውን መረዳት

ነቅተን ሳለ በምላስና በጉሮሮ ዙሪያ ያሉ ጡንቻዎች የአየር መተላለፊያውን ክፍት አድርገው ይይዙታል። እንቅልፍ ሲወስደን ጡንቻዎቹ ይላላሉ፤ በጀርባ ከተኛን ምላስ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ መተላለፊያውም ይጠብባል። በጠበበው ቦታ በፍጥነት የሚያልፈው አየር የላንቃን ለስላሳ ክፍልና እንጥልን ሲያርገበግባቸው የምንሰማው ድምፅ ማንኮራፋት ነው። መተላለፊያው ከዚህም በላይ ሲጠብ ግድግዳዎቹ ይጣበቁና አየር ጨርሶ ማለፍ ያቅተዋል። በዚያን ጊዜ ደረትና ሆድ ለመተንፈስ ይታገላሉ፣ ነገር ግን አየር አይገባም፤ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን እየቀነሰ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየጨመረ ይሄዳል፤ አንጎልም አደጋውን ተረድቶ ሰውየውን ለጥቂት ሰከንዶች ከእንቅልፉ ቀስቀስ ያደርገዋል፤ ጡንቻዎቹ ሲጠነክሩ ጉሮሮ ይከፈታል፣ አየር በጉርምርምታ ይገባል፣ እንቅልፍም ይቀጥላል። ጠዋት ሲነሣ ከዚህ ሁሉ የሚያስታውሰው የለም።

በሕክምናው መስፈርት ትንፋሽ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ከተቋረጠ አንድ ጊዜ እንደተቋረጠ ይቆጠራል፤ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ የአየሩ መጠን በግልጽ ቀንሶ ኦክስጅን ሲወርድ ወይም እንቅልፍ ሲቋረጥም አብሮ ይቆጠራል። ሕመሙ በጠናባቸው ሰዎች ላይ ይህ በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ይከሰታል። በእያንዳንዱ መባነን አድሬናሊን ይለቀቃል፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ይሻቅባሉ። ሰውነት ማረፍ በሚገባው ሰዓት እንዲህ ሲናወጥ ማደሩ ነው ሕመሙን ከደም ግፊት፣ ከልብ ምት መዛባት፣ ከስትሮክና ከሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ጋር የሚያያይዘው።

ሌላም ዓይነት አለ። በዚህኛው ጉሮሮ ሳይዘጋ አንጎል ራሱ የመተንፈስ ትእዛዝ ማስተላለፉን ለጊዜው ያቆማል፤ በልብ ድካም በታመሙና እንደ ሞርፊን ያሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎችን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይታያል። ማንኮራፋት ላይኖረው ስለሚችል በድምፅ ብቻ አይያዝም።

አንደኛ ደረጃ፦ ድምፁን ለይቶ መስማት

ብዙ ሰው የሚያተኩረው በድምፁ ከፍታ ላይ ነው። ከፍታው የራሱ ትርጉም አለው፤ በተዘጋ በር አልፎ የሚሰማ ማንኮራፋት ከለስላሳው ይልቅ ያሳስባል። ይሁን እንጂ ከሁሉ በላይ ጆሮ ሊሰጠው የሚገባው በማንኮራፋቱ መካከል የሚገባው ዝምታ ነው። እኩል እየወጣ እኩል እየገባ፣ እንደ መጋዝ ድምፅ ሳይዛነፍ የሚቀጥል ማንኮራፋት ብዙውን ጊዜ አየር እየተላለፈ መሆኑን ያሳያል። የአፕኒያ ማንኮራፋት ግን ሌላ አካሄድ አለው፦ ሦስት አራት ጊዜ እየጎላ ይሄድና ድንገት ጸጥ ይላል፤ ጸጥታው 10፣ 20፣ አንዳንዴም ከ30 ሰከንድ በላይ ይቆያል፤ ከዚያም ሰውየው ከውኃ ውስጥ እንደ ወጣ ሁሉ በኃይል አየር ይስባል ወይም ታንቆ እንደ ነበረ ያንኮራፋል፤ ገላበጥ ይልና ዑደቱ እንደገና ይጀምራል።

አጠገብ የሚተኛ ሰው ካለ በዝምታው ጊዜ ሁለት ነገር እንዲያይ ይጠየቅ። የመጀመሪያው ደረትና ሆድ ይንቀሳቀሱ እንደሆነ ነው። እየተንቀሳቀሱ አየር ከሌለ፣ በተለይም ደረት ወደ ውስጥ ሲገባ ሆድ ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ፣ የተዘጋው ጉሮሮ ነው፤ ሁሉም ጸጥ ብሎ ከቀረ ግን ምናልባት ከአንጎል የሚመጣው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የዝምታው ርዝመት ነው፤ ይህንንም የሰከንድ ቆጣሪ ባለው ሰዓት መለካት ይገባል፤ ጭንቀት ባለበት ጨለማ ውስጥ አምስት ሰከንድ እንደ ደቂቃ ስለሚረዝም በግምት የተባለ ቁጥር ብዙም አይጠቅምም።

በማንኮራፋት ምክንያት ክፍል የለዩ ባልና ሚስት አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። መለያየቱ ለአንደኛው እንቅልፍ ይሰጣል፣ ለሌላኛው ግን ብቸኛውን ምስክር ያሳጣዋል። ስለዚህ ክፍል ከመለየት በፊት፣ ከተለዩም በኋላ ቢሆን፣ ጥቂት ሌሊቶችን ለዚህ ምልከታ ብቻ መመደብ ተገቢ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ሌሊቱን መቅዳት

ብቻውን ለሚተኛ ሰው ስልክ ምስክር ይሆናል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ መተግበሪያ ባይኖርም ተራው የድምፅ መቅጃ ይበቃል። ስልኩን በትራስ ደረጃ ካለ ጠረጴዛ ላይ፣ ከራስ አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከቻርጀር ጋር ተያይዞ ማስቀመጥ ነው፤ አልጋው ላይ ከተቀመጠ የብርድ ልብሱ መሻሸት ሁሉንም ይሸፍነዋል፣ በልብስ ሥር ተሸፍኖ ቻርጅ ማድረጉም ሙቀት ስለሚፈጥር አደገኛ ነው። በቂ ማከማቻ ቦታ መኖሩን ማረጋገጥና ማሳወቂያዎችን መዝጋትም ያስፈልጋል።

አንድ ሌሊት አይበቃም። ሕመሙ ከሌሊት ሌሊት ይለያያልና ቢያንስ ሦስት ወይም አራት ሌሊት መቅዳት ይሻላል፤ በየቀኑም መቼ እንደተተኛ፣ አልኮል ተጠጥቶ እንደሆነ፣ አፍንጫ ታፍኖ እንደነበርና የትኛው መድኃኒት እንደተወሰደ በአጭሩ መጻፍ ይገባል። ቀረጻውን ሲያዳምጡ የመጀመሪያውን ሰዓት ብቻ ሰምቶ መተው የተለመደ ስሕተት ነው። ሕልም የምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ወደ ንጋት እየረዘመ ይሄዳል፤ በዚያ ክፍል የሰውነት ጡንቻዎች ከምንጊዜውም በላይ ስለሚላሉ ትንፋሽ የሚቋረጠውም ብዙ ጊዜ በዚያው ሰዓት ነው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሰዓታት ሳይሰሙ «ምንም የለም» ማለት አይቻልም። የድምፁን ሞገድ በሥዕል የሚያሳይ መቅጃ ከሆነ ሥራው ይቀልላል፤ ተከታታይ ከፍታዎች፣ ቀጥሎ ባዶ መስመር፣ ከዚያ አንድ ትልቅ ሹል ከፍታ የሚደጋገም ከሆነ እዚያው ላይ ቆሞ ማዳመጥ ነው።

ቪዲዮ ከድምፅ ይሻላል፣ ምክንያቱም የአተኛኘቱን አቅጣጫና የደረትን እንቅስቃሴ ያሳያል። በጀርባ ሲተኛ ብቻ የሚቋረጥ ትንፋሽና በየትኛውም ጎን የሚቋረጥ ትንፋሽ ሕክምናቸው ሊለያይ ስለሚችል ይህ መረጃ ለሐኪሙ ዋጋ አለው። የእጅ ሰዓቶችና የጣት ኦክስጅን መለኪያዎችን በተመለከተ፣ የሚሰጡት ቁጥር ጥርጣሬን ሊያጠናክር ይችላል፣ ጥሩ ቁጥር ማሳየታቸው ግን ነጻ አያወጣም። በተለይ የቆዳ ቀለማቸው በጠቆረ ሰዎች ላይ እነዚህ በብርሃን የሚሠሩ መለኪያዎች ኦክስጅንን ከእውነተኛው ከፍ አድርገው የማሳየት ችግር እንዳለባቸው ታውቋልና በእነርሱ ብቻ መጽናናት አይገባም።

ሦስተኛ ደረጃ፦ የቀኑን ምልክት መመዝገብ

ሌሊት የተቆራረጠ እንቅልፍ ቀን ይታያል። ሰባትና ስምንት ሰዓት ተኝቶ ሳይታደስ መነሣት፣ በአፍ መድረቅ ወይም በጉሮሮ መከርከር መንቃት፣ ጠዋት ተነሥቶ ረፋድ ላይ የሚለቅ ራስ ምታት፣ ቶሎ መቆጣት፣ ስም መርሳትና ሐሳብ መሰብሰብ ማቃት፣ የወሲብ ፍላጎት መቀነስ በብዙ ሕመምተኞች ላይ ይታያሉ። ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሽንት መነሣትም ከምልክቶቹ አንዱ ነው። ብዙዎች ይህን የፕሮስቴት ወይም የዕድሜ ጉዳይ ብቻ አድርገው ያልፉታል፤ ጉሮሮ ተዘግቶ ደረት አየር ለመሳብ ሲታገል ግን ልብ ይለጠጣል፣ የተለጠጠው ልብም ኩላሊት ብዙ ሽንት እንዲያወጣ የሚያዝ ሆርሞን ይለቃል። በዚህ ምክንያት አፕኒያው ሲታከም የሌሊቱ መመላለስ የሚቀንስላቸው ሰዎች አሉ።

ድካምንና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለትን መለየት ያስፈልጋል። የደከመው ሰው ማረፍ ይፈልጋል፤ እንቅልፍ ያልጠገበው ሰው ግን ቁጭ ባለበት ሸለብ ያደርገዋል። ይህን ለመለካት በ1991 በሜልበርን ሙሬይ ጆንስ የተባለ ሐኪም ያወጣው የኤፕወርዝ መጠይቅ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። መጠይቁ በስምንት ሁኔታዎች ውስጥ እንቅልፍ የመውሰዱን ዕድል ይጠይቃል፦ ተቀምጦ ሲያነብ፣ ቴሌቪዥን ሲያይ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ ያለ ሥራ ሲቀመጥ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል በመኪና ተሳፍሮ ሲሄድ፣ ከሰዓት በኋላ ጋደም ሲል፣ ከሰው ጋር ተቀምጦ ሲያወራ፣ አልኮል ሳይጠጣ ከምሳ በኋላ ጸጥ ብሎ ሲቀመጥና መኪና ውስጥ ሆኖ ትራፊክ ለጥቂት ደቂቃ ሲያስቆመው። ለእያንዳንዱ «ፈጽሞ አይወስደኝም» ለሚለው 0፣ «በእርግጥ ይወስደኛል» ለሚለው 3 እየተሰጠ ይደመራል። ከ24ቱ ከ10 በላይ የሆነ ድምር ቀን ላይ የሚመጣው እንቅልፍ ከመጠን ያለፈ መሆኑን ያሳያል። መጠይቁን ሰውየው ራሱ ለብቻው ከሞላ በኋላ የቤት ሰው ስለ እርሱ ቢሞላው ልዩነቱ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ሰው ማንቀላፋቱን ማሳነስ ይወዳልና። ዝቅተኛ ውጤት ማግኘት ግን ሕመሙ የለም ማለት አይደለም፣ ከባድ አፕኒያ እያለባቸው እንቅልፍ እንቅልፍ የማይላቸው ሰዎች አሉ።

በመሪ ላይ እያለ ዓይኑ የሚከደን፣ ያለፈበትን መንገድ የማያስታውስ ወይም ከመስመሩ የሚወጣ ሰው መኪና መንዳቱን ዛሬውኑ አቁሞ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ከፍ ማድረግ እንቅልፍን አያባርሩም። መንገድ ላይ ለደረሰበት ሰው ደኅና ቦታ ቆሞ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መተኛት ለጊዜው ይረዳዋል፤ ችግሩን ግን አይፈታውም።

አራተኛ ደረጃ፦ ሰውነትን መለካትና ስምንቱን ጥያቄዎች መመለስ

የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘው አንገትዎን ከማንቁርት በታች ባለው ቦታ፣ ሳያጠብቁና ሳያላሉ ይለኩ። ክብደትዎን በኪሎ ግራም፣ ቁመትዎን በሜትር ይያዙና ክብደቱን ለቁመቱ ካሬ ያካፍሉ፤ 1.65 ሜትር ቁመትና 100 ኪሎ ግራም ክብደት ላለው ሰው ውጤቱ 36.7 ይሆናል። የደም ግፊትንም ማስለካት ያስፈልጋል።

ከዚያ በ2008 በቶሮንቶ የተዘጋጀውና ስቶፕ ባንግ የሚባለው መጠይቅ ይሞላል። ስምንቱ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ በተዘጋ በር እስኪሰማ ድረስ ያንኮራፋሉ ወይ? ቀን ቀን ድካም ወይም እንቅልፍ ያጠቃዎታል ወይ? ተኝተው ትንፋሽዎ ሲቋረጥ ወይም ሲታነቁ ያየ ሰው አለ ወይ? የደም ግፊት አለብዎት ወይም መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ? ከላይ የተሰላው ቁጥር ከ35 በላይ ነው ወይ? ዕድሜዎ ከ50 በላይ ነው ወይ? የአንገትዎ ዙሪያ ከ40 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል ወይ? ወንድ ነዎት ወይ? «አዎ» የተባለው እያንዳንዱ አንድ ነጥብ ነው። እስከ 2 ዝቅተኛ፣ 3 እና 4 መካከለኛ፣ 5 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ጥርጣሬ ነው። በኋላ በወጡ ቅጂዎች የአንገቱ መለኪያ ለወንድ 43፣ ለሴት 41 ሴንቲ ሜትር ተደርጓል።

ከቁጥሩ ባሻገር በመስታወት ፊት አፍን በሰፊው ከፍቶ ምላስን ማውጣት ጠቃሚ ነው። እንጥልና የጉሮሮው ጀርባ በግልጽ ከታዩ መተላለፊያው ሰፋ ያለ ነው፤ ምላስ ሁሉን ሸፍኖ ላንቃ ብቻ ከታየ ግን ጠባብ ነው። ወደ ኋላ የገባ አገጭ፣ ትልልቅ ቶንሲልና ዘወትር የሚታፈን አፍንጫም ሊመዘገቡ ይገባል። በሦስትና ከዚያ በላይ መድኃኒት አልወርድ ያለ የደም ግፊት ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባት ያለበት ሰው፣ ነጥቡ ዝቅተኛ ቢሆን እንኳ ስለ እንቅልፍ ምርመራ ሐኪሙን ሊጠይቅ ይገባዋል።

አምስተኛ ደረጃ፦ ከተለመደው ሥዕል ውጭ ያሉትን አለመዘንጋት

የአፕኒያ ሕመምተኛ ሲባል በሰው አእምሮ የሚመጣው ወፍራም፣ በመካከለኛ ዕድሜ ያለ ወንድ ነው። ይህ ሥዕል ብዙዎችን ከምርመራ አስቀርቷል። ቀጭን ሆኖ መንጋጋው ጠባብ ወይም አገጩ ወደ ኋላ የገባ ሰው ከባድ አፕኒያ ሊኖርበት ይችላል። ሴቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያማርሩት ስለ ማንኮራፋት ሳይሆን ስለ እንቅልፍ እጦት፣ ስለ ጠዋት ራስ ምታት፣ ስለ ድካምና ስለ ድብርት ነው፤ በዚህም ምክንያት ለዓመታት በሌላ ሕመም ስም ሊታከሙ ይችላሉ። የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሕመሙ መጠን በሴቶች ላይ በግልጽ ይጨምራል። በእርግዝና ወቅት አዲስ የጀመረ ከባድ ማንኮራፋት በተለይ የደም ግፊት አብሮት ካለ ለሚከታተላት ሐኪም ወዲያው ሊነገር ይገባል።

ልጆች የራሳቸው መስፈርት አላቸው። በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ የሚያንኮራፋ ልጅ መመርመር አለበት፤ ጉንፋን ይዞት ለጥቂት ቀናት ማንኮራፋቱ ግን የተለመደ ነው። አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ፣ አፉን ከፍቶ፣ እያላበውና እየተገላበጠ የሚያድር፣ አልጋ ላይ መሽናት ካቆመ በኋላ እንደገና የጀመረ፣ ክብደቱ እንደ እኩዮቹ የማይጨምር ልጅ በተለይ ያሳስባል። ልጅ እንቅልፍ ሲያጣ እንደ አዋቂ አያንቀላፋም፤ አብዛኛውን ጊዜ ይቅበጠበጣል፣ ይነጫነጫል፣ ትምህርት አይገባው ይላል። እንደ ባለጌ ወይም እንደ ሰነፍ ከሚቀጣው ልጅ ሌሊት እንዴት እንደሚተነፍስ ያልታየው ስንቱ ይሆን? ዋናው መንስኤ ብዙውን ጊዜ የቶንሲልና የአዴኖይድ (ከአፍንጫ በስተ ኋላ ያለ እንደ ቶንሲል ያለ ሥጋ) መተለቅ ስለሆነ እነርሱን በቀዶ ሕክምና ማውጣት አብዛኛውን ልጅ ያሻሽለዋል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ቀጠሮ እስኪደርስ ድረስ የሚደረጉ ነገሮች

በጎን መተኛት ቀላሉና ለብዙዎች ውጤት ያለው እርምጃ ነው። ተኝቶ ወደ ጀርባ የሚመለስ ሰው ከኋላው ረጅም ትራስ ማስደገፍ ወይም የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግ ይችላል። አልኮል የጉሮሮ ጡንቻዎችን ስለሚያላላና አንጎል ቶሎ እንዳይነቃ ስለሚያደርግ በተለይ ከመኝታ በፊት ባሉት ሰዓታት መጠጣት መቅረት አለበት። እንደ ዳያዜፓም ያሉ ማስተኛዎችና እንደ ኮዴይንና ትራማዶል ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችም ተመሳሳይ አደጋ አላቸው፤ በሐኪም የታዘዘን መድኃኒት ግን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም፣ የታየውን ምልክት ለሐኪሙ ነግሮ መወሰን ነው። ማጨስ የጉሮሮን ውስጠኛ ክፍል ያሳብጣል። የታፈነ አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብ፣ አለርጂ ካለም ማሳከም ይጠቅማል።

ክብደት ከመጠን በላይ ከሆነ መቀነሱ ከሁሉ የላቀ ዘላቂ ጥቅም አለው፤ 10 በመቶ መቀነስ በሰዓት የሚቆጠረውን የትንፋሽ መቋረጥ በአማካይ በሩብ ያህል እንደሚያወርድ በረጅም ክትትል ታይቷል። በአፍንጫ ላይ የሚለጠፉ ፕላስተሮችና የጉሮሮ ርጭቶች ድምፁን ሊያለዝቡ ይችላሉ፣ የተዘጋ ጉሮሮ ግን አይከፍቱም፤ ድምፁ ስለቀነሰ ሕመሙ የዳነ መስሎ መዘናጋት ትልቁ ጉዳታቸው ነው። አፍን በፕላስተር አሽጎ መተኛት የሚባለውን ነገር አፍንጫው የታፈነና አፕኒያ የሚጠረጠርበት ሰው ፈጽሞ ሊሞክረው አይገባም።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ሐኪም ዘንድ መቅረብና ምርመራው

መጀመሪያ የውስጥ ደዌ ወይም ጠቅላላ ሐኪም ማየት ይቻላል፤ እንደ ሁኔታው ወደ ሳንባ፣ ወደ ነርቭ ወይም ወደ አንገት በላይ ሐኪም ይመራል። ከዚያ በፊት አንድ ገጽ ማዘጋጀት የምርመራውን ጊዜ ያሳጥራል፦ የሁለቱ መጠይቆች ድምር፣ የአንገት ዙሪያ፣ የደም ግፊት፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ዝርዝር፣ የሥራው ዓይነትና መንዳት መኖር አለመኖሩ፣ እንዲሁም ትንፋሽ ሲቋረጥ የሚያሳይ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ የሚሆን ተቆርጦ የወጣ ቀረጻ። ስምንት ሰዓት ቀረጻ ይዞ የሚመጣን ሰው ማንም ሐኪም ሊያዳምጠው አይችልም። ቢቻል አጠገብ የሚተኛው ሰው አብሮ ይቅረብ።

የተሟላው ምርመራ ፖሊሶምኖግራፊ ይባላል። በእንቅልፍ ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ሌሊት ታድሮ የአንጎል ሞገድ፣ የዓይንና የአገጭ ጡንቻ እንቅስቃሴ፣ የልብ ምት፣ በአፍንጫና በአፍ የሚያልፈው አየር፣ የደረትና የሆድ እንቅስቃሴ፣ የደም ኦክስጅን ይመዘገባሉ። ገመዱ ብዙ ቢመስልም ሕመም የለውም። ሌላ ውስብስብ ሕመም ለሌለባቸውና ጥርጣሬው ጠንካራ ለሆነባቸው አዋቂዎች ቤት ተወስዶ የሚታደርበት አነስተኛ መሣሪያ አለ። ይህ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የአንጎል ሞገድ ስለማይመዘግብ ሰውየው ነቅቶ ያሳለፈውን ጊዜም እንደ እንቅልፍ ይቆጥረዋል፤ በዚህም ምክንያት ሕመሙን ሊያሳንሰው ይችላል። የቤቱ ምርመራ «ነጻ» ብሎ ምልክቱ ከቀጠለ የላቦራቶሪውን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሽ እንደተቋረጠ ወይም በግልጽ እንደቀነሰ የሚያሳየው ቁጥር ነው። በአዋቂ ሰው ከ5 በታች ደኅና፣ ከ5 እስከ 15 የማይደርሰው ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 የማይደርሰው መካከለኛ፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ሰባት ሰዓት ተኝቶ 126 ጊዜ የተቋረጠበት ሰው ቁጥሩ 18 ነው፣ መካከለኛ ማለት ነው። በልጆች ግን 1 ራሱ ከወትሮው ውጭ ሊባል ይችላል። ከዚህ ቁጥር ጋር ኦክስጅን እስከ ስንት እንደወረደ፣ ከ90 በመቶ በታች ምን ያህል ጊዜ እንደቆየና በጀርባና በጎን ሲተኛ ልዩነት መኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ሁለት ሰዎች የአንደኛው ኦክስጅን እስከ 70 በመቶ የሚወርድ ከሆነ ሁኔታቸው አንድ አይደለም።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ሕክምናውን መረዳትና መልመድ

ለመካከለኛና ለከባድ ደረጃ ቀዳሚው ሕክምና ሲፓፕ የሚባለው መሣሪያ ነው። በ1981 በሲድኒ ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት ይህ መሣሪያ በጭምብል በኩል ግፊት ያለው የክፍል አየር ወደ መተንፈሻ መንገድ እየላከ ጉሮሮው እንዳይጣበቅ ይደግፈዋል። ኦክስጅን የሚሰጥ መሣሪያ አይደለም። በተገቢው ግፊት ሲሠራ ማንኮራፋቱም መቋረጡም ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ሊጠፋ ይችላል፤ ችግሩ መልመዱ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭምብሉን ቀን ላይ ነቅቶ ሳለ ለግማሽ ሰዓት አድርጎ መለማመድ፣ ግፊቱ ቀስ በቀስ የሚጨምርበትን ማስተካከያ መጠቀም፣ አፍና አፍንጫ ሲደርቁ ማርጠቢያውን ማብራት ብዙዎችን ረድቷል። ጭምብሉ አየር የሚያፈስ ወይም ፊት የሚልጥ ከሆነ መጠኑና ዓይነቱ ተለውጦ ይሞከር፤ ጭምብሉ ስላልተስማማ ብቻ ሕክምናውን መተው ያሳዝናል።

ቀላል ወይም መካከለኛ ደረጃ ላለባቸው፣ ሲፓፕ ላልተስማማቸውም፣ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚይዝ በጥርስ ሐኪም የሚሠራ መሣሪያ አለ። ቀዶ ሕክምና፣ የምላስን ነርቭ የሚያነቃቃ በቆዳ ሥር የሚቀበር መሣሪያና ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ላለባቸው አዋቂ ሕመምተኞች የተፈቀደው ቲርዜፓታይድ የተባለ መርፌ ለተመረጡ ሰዎች የሚታዘዙ ናቸው።

ሕክምናው ተጀምሮ ቀን ላይ ያለው እንቅልፍ ካልለቀቀ መሣሪያው የመዘገበውን የአጠቃቀም ሰዓትና የአየር ፍሳሽ ከሐኪሙ ጋር ማየት፣ የእንቅልፍ ሰዓት ራሱ ማነሱን፣ የደም ማነስን፣ የታይሮይድ ችግርንና ድብርትን ማስመርመር ያስፈልጋል። ለማንኛውም ቀዶ ሕክምና የሚዘጋጅ ሰው ደግሞ አፕኒያ እንዳለበት፣ ገና ካልተመረመረም እንደሚጠረጠርበት፣ ለሰመመን ሰጪው አስቀድሞ ይንገር፤ ሲፓፕ የሚጠቀም ከሆነም መሣሪያውን ይዞ ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ሰመመንና ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጡት ማስታገሻዎች ጉሮሮን ይበልጥ ያላላሉና።